ወንዱ እርግብ ሴቷን ከመኖ እያባረረ ነው፤ ጠብ ነው ወይስ ልማድ? (ባሕር ዳር)

ደንገል፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። ወንድሜ ለሥራ አዲስ አበባ ሲሄድ እርግቦቹን ለእኔ ተወልኝ። መኖና ውሃ መስጠቱ ከባድ አይደለም። እኔን የያዘኝ ማየቱ ነው። ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ሻዬን ይዤ በረንዳ ላይ ቁጭ እላለሁ። ዓይኔ ከእነሱ ላይ አይነሳም።

አሁን ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። ነጭ ወንድና አመድማ ሴት አሉ፤ ጥንዶች ናቸው። ምንቃር ለምንቃር ሲነካኩ፣ አንዱ የሌላውን የአንገት ላባ ሲያበጥር አያለሁ። ሰሞኑን የወንዱ ጸባይ ተለወጠ። ሴቷ ማሽላ ልትለቅም ስትወርድ ከኋላዋ ይከተላታል። አንገቱን ነፍቶ፣ ጅራቱን መሬት ላይ እየጎተተ ይገፋታል። አንዳንዴም ጭንቅላቷን ይነክሳታል። ሌላ ወንድ አጠገቧ ካለ ይብስበታል። ወደ ሣጥናቸው እስክትገባ ድረስ አይለቃትም። ልለያቸው? ሳትበላ እንዳትቀር ፈርቻለሁ።

ሌላው፣ የሚታጠቡበት ሳፋ ውስጥ ውሃው ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል። ብቀይረውም ይመለሳል። በሽታ ይሆን?

የድሮ እርግበኛ፦

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። እባክሽ አትለያያቸው። ያየሽው ጠብ አይደለም። እንቁላል ሊመጣ ነው ማለት ነው።

ወንድ እርግብ ሴቷ ልትጥል ጥቂት ቀናት ሲቀራት እንዲህ ይሆናል። ከሌላ ወንድ ያርቃታል፤ ወደ ጎጆዋም ይነዳታል። ሌላ ወንድ ሲቀርባት የሚብስበት ለዚህ ነው። መነዳቱ እንቁላሉ ሲመጣ በራሱ ይቆማል። ለምግቧ ከሰጋሽ መፍትሔው ቀላል ነው፤ በትንሽ ጣሳ መኖ አድርገሽ ሣጥናቸው አፍ ላይ አስቀምጪላት። እዚያ አያባርራትም።

አሁን የምትመለከቺው ሌላ ነገር አለ። ወንዱ ጭራሮ መልቀም ይጀምራል። አንድ በአንድ ነው የሚያመጣው። ያነሳል፣ ይመዝናል፣ ይጥላል፣ ሌላ ይፈልጋል። የወደደውን ይዞ ይበራል። ሴቷ ጎጆው ውስጥ ተቀምጣ ትቀበለውና ከሥሯ ታስገባዋለች። አንዳንዱ ወንድ ጀርባዋ ላይ ወጥቶ ከላይ ያቀብላታል። ጭራሮና የደረቀ ሣር በአጭር በአጭሩ ቆርጠሽ ግቢው ውስጥ በትኚለት። ጎጆውን ግን አንቺ አትሥሪላቸው። ይሄ ሥራ የእነሱ ነው፤ ጥንዱን የሚያስተሳስረውም እሱ ነው።

ነጩ ዱቄት በሽታ አይደለም። እርግብ ጫፉ እየተፈረፈረ ዱቄት የሚሆን ልዩ ላባ አላት። ዱቄቱ ላባዋን ከውሃ ይጠብቅላታል። ስትታጠብ ውሃው ላይ ይቀራል። እንዲያውም ደህና እርግብ ታጥባ ምንም ዱቄት ካልታየ ነው እኔ የምጠራጠረው። ለአንቺ ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ቤታቸውን ስትጠርጊ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፤ ወለሉንም መጀመሪያ ውሃ እርጪው። ይህ ዱቄትና የደረቀ ኩስ ለዓመታት ከተሳበ ሳንባ ይጎዳል። እርግብ የሚያረቡ ሰዎች በዚህ የሚታመሙበት በሽታ በሕክምና የታወቀ ነው።

ዘንባባ ጥላ፦

ጋሼ፣ ስለ አጠባቸው ከተነሳ እኔም አንድ ነገር ልጨምር። ዝናብ ሲያካፋ የእኛዎቹ ቆርቆሮው ላይ በጎናቸው ጋደም ይሉና አንድ ክንፋቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። ውሃው ብብታቸው ሥር እስኪገባ ይጠብቃሉ። ከዚያ ዞረው ሌላውን ያነሳሉ። መጀመሪያ ያየ ሰው ክንፏ ተሰብሮ ነው ይላል። ጎረቤታችን አንድ ቀን ሮጠው መጥተው «እርግባችሁ ወደቀች» ብለውናል። እየታጠበች ነበር። ፀሐይ ሲሞቁም ጋደም ይላሉ፤ ያኔ ግን ክንፋቸውን መሬት ላይ ይዘረጉታል።

የባሕር ዳር ሚያዝያና ግንቦት እንዴት እንደሚያቃጥል ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮ ሥር ያለ የእርግብ ቤት ምድጃ ነው። በዚያ ወቅት አፋቸውን ከፍተው ጉሮሯቸውን ቶሎ ቶሎ ሲያርገበግቡ ካያችሁ ሙቀት በዝቶባቸዋል። እርግብ እንደ እኛ አታልብም፤ ሙቀቱን የምታስወጣው በዚህ ነው። ጣሪያው ላይ ሣር ወይም ጆንያ ጣል ያድርጉ። የሚታጠቡበትን ሳፋ ቀደም ብለው ያቅርቡ፤ ከመሸ በኋላ ግን አይሁን፤ ረጥባ የምታድር እርግብ ትበርዳለች።

ፎቅ ላይ ያለሁ፦

እኔ እርግብ የለኝም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። በረንዳዬ ላይ ግን ጥንድ በጀሪጋር አሉኝ፤ እነዚያ ሰዉ ሁሉ ፓሮት የሚላቸው ትንንሽ የአውስትራሊያ በቀቀኖች። ይህን ውይይት እያነበብኩ ሳለ የእኔዎቹም የቀን ውሏቸው ሰዓቱን የጠበቀ መሆኑ ገረመኝ።

ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ዝም ይላሉ። ከጣና በኩል የውሃ ወፎቹ ሲጮኹ ነው የሚነቁት። መጀመሪያ ይንጠራራሉ፤ አንድ እግርና አንድ ክንፍ በአንድ ወገን ወደ ኋላ፣ ቀጥሎ የሌላው ወገን፣ መጨረሻ ሁለቱም ክንፎች ወደ ላይ። ቅደም ተከተሉን ሲያዛንፉ ብዙም አላየሁም። ከዚያ ይበላሉ። ከዚያ ነው ወሬው የሚጀመረው። ቀትር ላይ ጸጥ ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ጨዋታው ይመለሳል። ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ከፍ ወዳለው እንጨት ይወጣሉ። ወንዱ ሁልጊዜ በግራ ነው።

መብራት ሳጠፋ ደቃቅ የሆነ የመፋጨት ድምፅ እሰማለሁ። ምንቃራቸውን ነው የሚያፋጩት። ሰዎች ተጨንቀው ይጠይቁኛል። በቀቀን ዘና ብላ ልትተኛ ስትል የምታደርገው ነው፤ ደስ የሚል ምልክት ነው። ስትተኛ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ አዙራ ጀርባዋ ላባ ውስጥ ትከተዋለች። እርግቦችስ እንዲሁ ናቸው?

የድሮ እርግበኛ፦

አይደሉም። እርግብ ጭንቅላቷን አታዞርም። አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ትሰበስብና ፊቷን ወደ ፊት እንዳደረገች ትተኛለች። አጠጣጣቸውም ይለያያል። ያንተዎቹ ትንሽ ይቀዱና ቀና ይላሉ። ዶሮም እንዲሁ ናት። እርግብ ግን ምንቃሯን ውሃው ውስጥ ነክራ፣ ቀና ሳትል ትስባለች። ለዚህ ነው የውሃ ዕቃዋ ምንቃሯን የሚውጥ ያህል ጥልቀት የሚያስፈልገው። በጠፍጣፋ ሳህን ውሃ የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ ያስቸግራታል።

ሙዝ ገበያ፦

ፎቅ ላይ ያለኸው ወንድሜ፣ ምን ትመግባቸዋለህ? የታሸገው የውጭ መኖ አልቀመስ ብሏል።

ፎቅ ላይ ያለሁ፦

ዳጉሳ ነው መሠረቱ። ጎጃም ላይ ሆነን የወፍ መኖ ጠፋ ማለት አንችልም። ፍሬው ደቃቅ ነው፤ ለትንሽ ምንቃር ይመቻል። ማሽላ እጨምራለሁ። ኑግ በጣም ይወዳሉ፤ ግን ዘይት ስለሆነ በጣት ቆንጠር አድርጌ ነው የምሰጣቸው። (ይህን ስታነቡ ደስ ይበላችሁ፤ አሜሪካ ውስጥ ሰዎች ግቢያቸው ለሚመጡ የዱር ወፎች የሚሰቅሉት አንዱ መኖ የእኛው ኑግ ነው። እዚያ ገብቶ እንዳይበቅል በሙቀት ታክሞ ይገባል።) ጎመንና የካሮት ቅጠል አጥቤ እሰጣለሁ። ፍሬ ብቻ የምትበላ በቀቀን ትወፍራለች፤ ጉበቷም ይጎዳል።

አሁን የምለውን ግን እባካችሁ ልብ በሉልኝ፣ በተለይ የባሕር ዳርና የዘጌ ሰዎች። አቮካዶ ለወፍ መርዝ ነው። ፍሬውም፣ ቅጠሉም፣ ልጣጩም። ልብና መተንፈሻዋን ይመታል፤ ቶሎም ይገድላል። በእኛ አገር ከምሳ የተረፈ አቮካዶ በየቤቱ አለ፤ ልጆች በፍቅር ሊያጎርሷቸው ይችላሉ። ቡናና ቸኮሌትም አይሰጥም። ማንጎና ፓፓያ ግን ትንሽ ትንሽ ቢቀምሱ ችግር የለውም።

ዘንባባ ጥላ፦

ስለ ጭስም ብትነግራቸው። እኛ ቤት ቡና ሲፈላ እርግቦቹ ውጭ ናቸው፤ ያንተዎቹ ግን ቤት ውስጥ ናቸው።

ፎቅ ላይ ያለሁ፦

አመሰግናለሁ እህቴ፣ ልክ ነሽ። የወፍ አተነፋፈስ ከእኛ ይለያል። ከሳንባዋ ሌላ በሰውነቷ ውስጥ የአየር ከረጢቶች አሏት። አየሩ በሳንባዋ ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚያልፈው፤ ስለዚህ ከምትስበው አየር ብዙ ትወስዳለች። ጥሩው አየር በብዛት ሲገባ መጥፎውም በብዛት ይገባል። የዕጣን ጭስ፣ ከሰል፣ ሲቆላ የሚነሳው የቡና ጭስ፣ ሽቶና የትንኝ መርጫ፣ ሁሉም ይጎዳታል። እኔ ቡና ሲቆላ ጎጆዋቸውን አንስቼ ሌላ ክፍል አስገብቼ በሩን እዘጋለሁ። ቡናውን አልተውኩም፤ እነሱንም አላጣሁም።

ከሁሉ የከፋው የማያጣብቀው መጥበሻ ነው፤ ቴፍሎን የተቀባው። ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ለሰው ላይሸት ይችላል፤ ወፍ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ኩሽናና ወፍ አንድ ክፍል ውስጥ አይኑሩ።

ወጣት ባሕር ዳር፦

እኔ ጥያቄ አለኝ። እኛ ሰፈር ትልቅ ሾላ አለ። ሾላው ሲበስል ትንንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች ይመጣሉ፤ ቀይ ምንቃር፣ ወንዶቹ ግንባራቸው ቀይ የሆነ። አንድ ልጅ ይዞ ሊሸጥልኝ ተስማምቷል። በጀሪጋር ከመግዛት አይሻልም? የአገራችን ወፍ ነው፤ አየሩንም ለምዷል።

የድሮ እርግበኛ፦

ልጄ፣ ይህን አታድርግ። ያየሃት ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር በዱር የትም የለችም። ወንዱ በግንባሩና በዓይኑ ዙሪያ ቀይ አለው፤ ሴቷ ፊቷ ሙሉ አረንጓዴ ነው። ክንፋቸው ከሥሩ ጥቁር ነው፤ ሲበሩ ታየዋለህ። የዱር ወፍ ያለ ፈቃድ ማጥመድ ሕግም ይከለክላል። ሕጉ ባይኖርም ግን ይህንኑ እልህ ነበር። ለዘመናት ከሰው ጋር የኖረች እርግብ ከሣጥኗ ወጥታ ተመልሳ ትገባለች። ዛሬ የተያዘች የዱር በቀቀን ግን ሽቦው ላይ ራሷን ታጋጫለች፤ ምግብም ትተዋለች። ብዙዎቹ ይሞታሉ። ልጁ ሊሸጥልህ የሚችለው ያችን ከሞት የተረፈችውን ብቻ ነው።

ደግሞስ ለምን ትገዛለህ? ሾላው ደጅህ ላይ ነው። ማታ የዛፍ ፍልፍል ውስጥ ነው የሚያድሩት። 12 ሰዓት ላይ ውጣና የት እንደሚገቡ ተመልከት። ጠዋት ማን ቀድሞ እንደሚወጣ እይ። ከተያዘች ወፍ ይልቅ ከዚያ ብዙ ትማራለህ። ያየኸውን እዚህ ጻፍልን፤ በእውነት ማንበብ እፈልጋለሁ።

ወጣት ባሕር ዳር፦

እሺ ጋሼ። ልጁንም እነግረዋለሁ። ፍልፍሉን ግን አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ማታ እወጣለሁ።

ደንገል፦

ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ተመልሻለሁ። የድሮ እርግበኛ ያሉት ሁሉ ሆነ። ጭራሮውን በተንኩ፤ ነጩ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ሲመላለስ ነበር። አሁን እንቁላል አለ! ግን አንድ ብቻ ነው። እሷም እንደ ነገሩ ላዩ ላይ ትቆማለች እንጂ በደንብ አልታቀፈችውም። እጄን ሰድጄ ባሞቀው ይሻላል?

የድሮ እርግበኛ፦

እንኳን ደስ አለሽ። እጅሽን አትስደጂ። እርግብ የምትጥለው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ አመሻሽ ላይ ይመጣል። ቀጥሎ አንድ ቀን ይዘለልና በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው ይመጣል። ሁለተኛው እስኪመጣ ድረስ አጥብቀው አይታቀፉም፤ ሁለቱ ጫጩቶች በተቀራረበ ጊዜ እንዲወጡ ነው። አሁን ብታሞቂው አንዱ ቀድሞ ይወጣና ያድግና ሌላውን ምግብ ይሻማዋል።

ከሁለተኛው በኋላ ተረኝነቱን ተመልከቺ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አይቼ አልጠገብኩትም። ሌሊቱን ሴቷ ናት። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ወንዱ ይመጣና ይረከባታል። እሷ ወጥታ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትታጠባለች። 10 ሰዓት ገደማ ተመልሳ ትረከበዋለች። «ወንዱ ቀን ቀን ይጠፋል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አልጠፋም፤ እንቁላል ላይ ነው። ተረኛው ዘግይቶ ሲመጣ የተቀመጠው ቶሎ አይነሳም። አንዳንዴ መጪው ከጎን እየገፋ ነው የሚያስነሳው።

ሁለተኛው ከመጣ 17 ወይም 18 ቀን ቁጠሪ። ከ5ኛው ቀን በኋላ ማታ በስልክ መብራት እንቁላሉን ብታዪው ቀያይ ሥሮች ይታዩሻል። አንድ ጊዜ ብቻ እዪው፤ በየቀኑ አይሁን።

ሙዝ ገበያ፦

ጋሼ፣ ጫጩቶቹ ሲወጡ ምን ይመገባሉ? እኛ የተፈጨ በቆሎ በውሃ እንሰጣለን ብለን ተዘጋጅተናል።

የድሮ እርግበኛ፦

ምንም አትስጡ። እርግብ ወተት አላት። አባትየውም እናትየውም። ከጉሮሯቸው ሥር ያለው የመኖ ከረጢት ውስጡ ይወፍርና እርጎ የመሰለ ነገር ያወጣል። ቅባትና ፕሮቲን የበዛበት ነው። መውጣት የሚጀምረው ጫጩቱ ከመፈልፈሉ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ጫጩቱ ምንቃሩን በወላጁ አፍ ውስጥ ከትቶ ይመገባል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በዚህ ብቻ ነው የሚያድገው። ቀስ በቀስ የራሰ ጥሬ ይቀላቀልበታል። የናንተ ሥራ ወላጆቹን መመገብ ነው፤ ማሽላ፣ ስንዴ፣ የተከካ በቆሎ፣ ትንሽ አተርና ምስር። ደቃቅ ጠጠርና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊትም አይጥፋ። ጥርስ የላትም፤ ጥሬውን የምትፈጨው ሆዷ ውስጥ ባለው ጠጠር ነው።

የዘጌ ልጅ፦

ይቅርታ፣ አስቸኳይ ነው። አንዷ እርግቤ ከትናንት ጀምሮ ላባዋን ነፍታ መሬት ላይ ትቀመጣለች። ሌሎቹ ሲበሩ አትነሳም። ኩሷ አረንጓዴና ውሃማ ነው። ጅራቷ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ዶሮዎችም አሉን፤ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው።

ዘንባባ ጥላ፦

አሁኑኑ ለያት። ሞቅ ያለ፣ ነፋስ የማይገባበት ካርቶን ውስጥ አስገባትና ንጹሕ ውሃ አስቀምጥላት። ከዚያ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዳት፤ ነገ አትበል። አንገቷ ወደ ጎን ከተጣመመ ወይም ጥሬ ለመልቀም ስትሞክር ከሳተችው ለሐኪሙ ንገረው። ዶሮ የሚፈጀው ፈንግል በእርግብም ላይ ይታያል፤ በእርግብ ላይ የነርቭ ምልክቱ ይጎላል። አፏንም ከፍተህ እይ። ቢጫ አይብ የመሰለ ነገር ካለ ሌላ በሽታ ነው፤ በመጠጥ ውሃና ወላጅ ጫጩቱን ሲመግብ የሚተላለፍ፤ መድኃኒት አለው። የሌሎቹን የውሃ ዕቃ አጥበህ ቀይር። አንተም እጅህን ታጠብ።

ወፍ ሕመሟን ትደብቃለች። ዱር ውስጥ የደከመች መሆኗ ከታየ ጭልፊት ስለሚለያት ነው። ሰው «ድንገት ሞተች» የሚለው ለዚህ ነው፤ ድንገት አይደለም። በሰዓቷ ያልወረደች፣ ያልታጠበች፣ ተራዋን ያልተረከበች ቀን ነው ሕመሙ የጀመረው። ይህ ውይይት የወፎቹን ውሎ ሰዓት በሰዓት መጻፉን የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የዘጌ ልጅ፦

ሐኪም አየልኝ። አፏ ውስጥ ቢጫው አለ። መድኃኒት ጀምራለች፤ ዛሬ ጥቂት ጥሬ ለቀመች። ሌሎቹንም አብሬ እንዳክም ነግሮኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ወጣት ባሕር ዳር፦

ፍልፍሉን አገኘሁት! ሾላው ላይ ሳይሆን ከእሱ አለፍ ብሎ ያረጀ ዛፍ ላይ ነው። ሊመሽ ሲል እየተንጫጩ መጡ። አንዷ ቀድማ አፉ ላይ ተንጠልጥላ ውስጡን አየች፤ ከዚያ ገባች። ሌሎቹ ተከተሏት። መጨረሻ የገባው ግንባሩ ቀይ ነው። ከዚህ በፊት በዚያ ዛፍ ሥር በየቀኑ ሳልፍ ቀና ብዬ አላየሁም። ጓደኞቼም ነገ ይመጣሉ።

ደንገል፦

ሁለቱም ተፈልፍለዋል! ቢጫ ጭገር አላቸው፤ ዓይናቸው ገና አልተከፈተም። ግማሽ ቅርፊቱን ከወላጆቹ አንዱ ይዞ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ጥሎታል። ተረኝነቱንም እንዳሉት አየሁት፤ ነጩ 4 ሰዓት አካባቢ ይገባል። ቅዳሜና እሑድ ቤት ስውል ብቻ ነው የማየው፤ ያንን ሰዓት እናፍቃለሁ። ወንድሜ ማታ ማታ እየደወለ ከእኔ ጤና በፊት እነሱን ይጠይቃል። ቀጥሎ ምን ልጠብቅ?

የድሮ እርግበኛ፦

ዓይናቸው በ4 ወይም በ5 ቀን ይከፈታል። እግራቸው ላይ መለያ ቀለበት የምታስሪ ከሆነ ሳምንት ሲሞላቸው ነው፤ ከዚያ ካለፈ እግራቸው ወፍሮ አይገባም። ከ4 እስከ 5 ሳምንት ባለው ጊዜ ይበራሉ። ማታ የሣጥኑን በር ዝጊ፤ ሽልምጥማጥና ድመት የሚመጡት ሌሊት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ካሁኑ አዘጋጂ። ጫጩቶቹ 3 ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው እናትየው እንደገና ልትጥል ትችላለች። ያኔ አባትየው ነው ትልልቆቹን የሚመግበው። አንድ ሣጥን ብቻ ካላቸው ጫጩቶቹ አዲሱን እንቁላል ይረግጡታል። ጎኑ ላይ ሁለተኛ ሣጥን ጨምሪላቸው።

ደንገል፦

እሺ ጋሼ። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ጣውላ እገዛለሁ። ልኩ ስንት በስንት ይሁን?

የድሮ እርግበኛ፦

ወርዱም ጥልቀቱም ቁመቱም 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ፊቱ ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው መከታ ምቺበት፤ ጫጩት እንዳይወድቅ።